ጨዋታውን ዐይተው የማያውቁ ሰዎችን ይዞ ዲ ኤንድ ዲ ማጫወት፦ የመጀመሪያው ምሽት ደረጃ በደረጃ

«ጓደኞቼ ዲ ኤንድ ዲ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። በምን ላስጀምራቸው?» የሚለው ጥያቄ ስለሚደጋገም መልሱን ከነዝርዝሩ እዚህ አስቀምጠነዋል።

ለማያውቀው፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ከበው በቃል የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው። አንዱ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ የሚታየውን፣ የሚሰማውንና የሚገጥመውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ነገሩ ይሳካል አይሳካም የሚያሰኝ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ተጫዋቾቹ በአንድ ወገን ናቸው፤ እርስ በርስ አይሸናነፉም።

ጀማሪን የሚይዘው የደንቡ ብዛት አይደለም። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ራሱ የወሰነው ነገር ታሪኩን ሲያዞረው ካየ ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ሩብ ሰዓቱን ደንብ ሲሰማ ካሳለፈው ግን ስልኩን ያወጣል። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ያችን ቅጽበት ለማፍጠን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ አጫዋችና ከ3 እስከ 4 ተጫዋች። በውጊያ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ደቂቃ ቢያዝ፣ 4 ተጫዋችና አጫዋቹ አንድ ዙር የሚጨርሱት በ10 ደቂቃ ነው። ተጫዋቾቹ 6 ሲሆኑ ዙሩ 14 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጀማሪ ያን ያህል ዝም ብሎ ተቀምጦ አይጠብቅም።
• ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት የሚቆይ ጊዜ።
• ደንቡ። ኤስ አር ዲ 5.1 የተባለው ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይገኛል። በእንግሊዝኛ የተጻፈና ረጅም ስለሆነ ሁሉንም ለማንበብ አይሞክሩ። ስለ ችሎታ ነጥቦችና ስለ ውጊያ የሚያወሩት ክፍሎች ለመጀመሪያው ምሽት ይበቃሉ። እዚህ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ በዚህ እትም መሠረት ናቸው።
• ዳይስ። አንድ ሙሉ ስብስብ 7 ፍሬ አለው፦ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 8፣ ሁለት ባለ 10፣ ባለ 12 እና ባለ 20 ገጽ። ሁለት ስብስብ ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል።
• እርሳስና ላጲስ። ቁጥሮቹ በየደቂቃው ስለሚቀያየሩ በእስክሪብቶ አይጻፉ።
• ያለፈ ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ። ጀርባው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር በ3 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎችን ያስምሩ፤ ቆርኪ ልክ ይገባባቸዋል። አንዱ ካሬ በጨዋታው 5 ጫማ፣ ማለትም 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለገጸ ባሕርያቱ ቆርኪ፣ ለጠላት ሽምብራ ይጠቀሙ።

ዳይስ ካልተገኘ

ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ በየሱቁ ስለማይሸጥ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። መቆም አያስፈልግም። አንድ የሉዶ ዳይስ፣ አንድ የ1 ብር ሳንቲምና አንድ የ50 ሳንቲም ካለዎት ባለ 20 ገጽ ዳይስ አለዎት። ሦስቱንም አንድ ላይ ይጣሉ። ዳይሱ 6 ካመጣ ዳይሱን ብቻ ደግመው ይጣሉ፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 5 ያገኛሉ። በ1 ብሩ ላይ አንበሳው ከላይ ከሆነ 10 ይደምሩ፣ በ50 ሳንቲሙ ላይ አንበሳው ከላይ ከሆነ 5 ይደምሩ። ከ1 እስከ 20 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው።

ሌላው መንገድ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ኩባያ ውስጥ ከትቶ ማውጣት ነው። የወጣው ወረቀት ሁልጊዜ ይመለስ። ካልተመለሰ 20 አንዴ ከወጣ በኋላ ለቀሪው ሰው አይደርሰውም፤ የጨዋታው ሚዛን ይፈርሳል። ስልክ ላይ ያሉ ነፃ የዳይስ መተግበሪያዎችም ይሠራሉ፤ ግን የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጥ፣ የሌላው ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካፌ ውስጥ ከሆኑ በሳንቲም አይጠቀሙ። ዳይስና ገንዘብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያየ ሰው ቁማር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ አስተናጋጁም ሊያስነሣችሁ ይችላል። እዚያ ብጣሽ ወረቀት ይሻላል። ቤት ውስጥም ከሆነ ለወላጆች አስቀድመው «ተረት እየተረትን ነው፣ ዳይሱ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፣ የሚያዝ ገንዘብ የለም» ብለው ይንገሩ።

ደረጃ 1፦ ቃላቱን በአማርኛ ይወስኑ

ተጫዋቾቹ በማያውቁት ቋንቋ ስድስት አዲስ ቃል እንዲሸመድዱ አያድርጉ። ስድስቱ ችሎታዎች ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ቢባሉ ሁሉም ሳይጠይቅ ይገባዋል። ከእነዚህ ሌላ ሦስት ቃል ይበቃል፦ የጤና ነጥብ (ስንት ጉዳት እንደሚችል)፣ የመከላከያ ቁጥር (እሱን ለመምታት ስንት ማምጣት እንደሚያስፈልግ) እና የፈተና ቁጥር (ሥራው ስንት እንደሚጠይቅ)።

ለገጸ ባሕርያቱ ሙያ የሚሰጡትን ስም ደግሞ በጥንቃቄ ይምረጡ። እየጸለየ የሚፈውሰውን «ቄስ»፣ አስማተኛውን «ጠንቋይ» ካሏቸው ጨዋታው ሳይጀመር ጠረጴዛው ላይ የሃይማኖት ክርክር ይነሣል፤ አንዳንዱም ደስ ሳይለው ይቀመጣል። ፈዋሽና ጠቢብ ቢባሉ ሥራቸው አይቀየርም፣ ማንም አይከፋም።

ደረጃ 2፦ አራት ገጸ ባሕርይ ሠርተው ይምጡ

አዲስ ሰው ገጸ ባሕርይ ከባዶ ሲሠራ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ ስለሚመርጥ ምርጫው ደስታ አይሰጠውም። ስለዚህ ቁጥሩን እርስዎ ይጨርሱ፤ ስሙን፣ መልኩን፣ ከየት እንደመጣና የሚፈራውን ነገር ለተጫዋቹ ይተዉለት። ሰው የሚወደው ስም ያወጣለትን ነው።

አሠራሩ፦ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8 የሚሉትን ነጥቦች ለስድስቱ ችሎታዎች ያከፋፍሉ። አራቱም ገጸ ባሕርያት የሰው ዘር ከሆኑ (በጨዋታው ሰው ያልሆኑ ዘሮችም አሉ) በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ 1 ይጨምሩ። ከነጥቡ 10 ቀንሰው ለ2 ያካፍሉና ወደ ታች ያጠጋጉ፤ ያ የችሎታው ጭማሪ ነው። 16 ከሆነ +3፣ 14 ወይም 15 ከሆነ +2፣ 9 ከሆነ −1። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ (ገና ልምድ ያላካበተ) ገጸ ባሕርይ በሠለጠነበት ነገር ሁሉ ሌላ +2 አለው። ተዘጋጅተው የሚቀርቡት አራቱ እነሆ፦

• ተዋጊ፦ ጉልበት 16፣ ጽናት 15፣ ቅልጥፍና 14። ጤና 12፣ መከላከያ 18 (የሰንሰለት ጥሩር 16፣ ጋሻ 2)። በሰይፍ ሲመታ ባለ 20 ጥሎ 5 ይደምራል፤ ካገኘ ጉዳቱ ባለ 8 እና 5 ነው (ባለ 8 ጥሎ 5 ይደምራል)፤ 3ቱ ከጉልበት፣ 2ቱ በአንድ እጅ ከመዋጋት ስልቱ የመጡ ናቸው። ለሚያፍር ተጫዋች ይህን ይስጡ፤ ቶሎ አይሞትም፣ የሚያሰላውም ጥቂት ነው።
• ሰርጎ ገብ፦ ቅልጥፍና 16፣ ጽናት 14። ጤና 10፣ መከላከያ 14። በአጭር ሰይፍ +5፣ ጉዳት ባለ 6 እና 3። ጓደኛው ከጠላቱ አጠገብ ካለ በየተራው አንድ ጊዜ ተጨማሪ ባለ 6 ይጥላል። ለመደበቅ +7፤ እዚህ ላይ የሥልጠናው +2 እጥፍ ይሆንለታል። ለጨዋታ ወዳጁና ለተንኮለኛው ይሆናል።
• ፈዋሽ፦ ማስተዋል 16፣ ጽናት 15፣ ጉልበት 14። ጤና 10፣ መከላከያ 16። በዱላ +4፣ ጉዳት ባለ 6 እና 2። በቀን ሁለት ጊዜ ሌላውን ይፈውሳል፦ ባለ 8 እና 6።
• ጠቢብ፦ ዕውቀት 16፣ ቅልጥፍና 15፣ ጽናት 14። ጤና 8፣ መከላከያ 12። እሳት ይወረውራል፦ +5፣ ጉዳት ባለ 10፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ። ከዚህ ሌላ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ወይ ያስተኛል ወይ ሦስት የማይስቱ ፍላጻዎች ይልካል (እያንዳንዱ ባለ 4 እና 1)።

የጠቢቡ ወረቀት ላይ ከሦስት በላይ አስማት አይጻፉ። ደንቡ ከዚህ የበለጠ ይፈቅድለታል፣ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር ስምንት አማራጭ የሚያነብ ጀማሪ ጠረጴዛውን ሁሉ ያስቆማል።

ደረጃ 3፦ ታሪኩን በአንድ ገጽ፣ በሦስት ትዕይንት ይጨርሱ

ረጅም ታሪክ የጻፈ አጫዋች ተጫዋቾቹ ከመስመር ሲወጡ ይጨነቃል፣ ሊመልሳቸውም ይታገላል፤ ያኔ ውሳኔያቸው ዋጋ ያጣል። አንድ ገጽ ብቻ ይጻፉ። ለምሳሌ፦

አንደኛ፣ ገበያ። አሞሌ ጨው የጫኑ አምስት በቅሎዎች ማታ ጠፍተዋል፤ የሲራራው አለቃ የሚያገኝለትን ሰው ይፈልጋል። ገበያው ውስጥ ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ ድልድይ። ጠባቂው ሽማግሌ ያለ እንቆቅልሽ አያሳልፍም። «እንቆቅልሽ!» ይበል፤ ተጫዋቾቹ ሳይነገራቸው «ምን አውቅልህ!» ይላሉ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» መልሱ ከእግራቸው ሥር የሚፈሰው ውሃ ነው። መልሱ ከጠፋ «አገር ስጡኝ» ብሎ ከያዙት አንዱን ነገር ይውሰድ፣ መንገዱ ግን ይከፈት። ይህ ትዕይንት ደንብ ጨርሶ የማይጠይቅ ስለሆነ ሁሉም ይናገራል፤ አፍ የማፍታቻው ቦታ እዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋሻ። በሩ ላይ 4 ጅቦች፣ ውስጥ 3 ሽፍቶች። ጅብ፦ መከላከያ 11፣ ጤና 5፣ ንክሻ +2፣ ጉዳት ባለ 6። ሌላ ጅብ ከተነካሹ አጠገብ ካለ ሁለት ባለ 20 ጥለው ትልቁን ይውሰዱ። ሽፍታ፦ መከላከያ 12፣ ጤና 11፣ ጎራዴ +3፣ ጉዳት ባለ 6 እና 1። ተጫዋቾቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ሽፍቶቹን ሁለት፣ ጅቦቹን ሦስት ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ አሥር ደቂቃ ስምምነት

ወረቀቶቹን ዘርግተው ሁሉም ይምረጥ፣ ስም ያውጣ። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፦ «በታሪኩ ውስጥ እንዳይመጣ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ሰው በቅርቡ ሐዘን ደርሶበት ሊሆን ይችላል፣ ከጦርነት የሸሸም ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱን አይጠይቁ፣ ይጻፉትና ከታሪኩ ያውጡት። ጨዋታው መሀል ላይም ማንም ሰው እጁን አንሥቶ «ይህን እንለፈው» ካለ ያለ ጥያቄ ይታለፋል። ሁለተኛ፦ ሴት ተጫዋች ወንድ ገጸ ባሕርይ ከያዘች (ወይም በተቃራኒው) «ምን ታደርጊያለሽ?» ይባል ወይስ «ምን ታደርጋለህ?» አማርኛችን በየግሡ ጾታ ስለሚለይ ይህ ካልተወሰነ ምሽቱን ሙሉ ሲያደናቅፍ ያመሻል።

ደረጃ 5፦ ደንብ ሳያስረዱ ይጀምሩ

«ተረት ተረት» ይበሉ፤ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፣ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ከዚያ ከአራት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ትረካ፦ የት ናችሁ፣ ምን ይሸታል፣ ማን እየጮኸ ነው። ወዲያው አንዱን በገጸ ባሕርይው ስም ጠርተው «ምን ታደርጋለህ?» ይበሉ።

«ምን ምን ማድረግ እችላለሁ?» ማለቱ አይቀርም። ዝርዝር አይስጡት። «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይመልሱለት። ዝርዝር የሰማ ሰው ከዝርዝሩ ብቻ ይመርጣል፣ ጨዋታው የሚያስደስተው ደግሞ ከዝርዝር ውጭ ማሰብ ስለሚቻል ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ፣ ምንም ቢሆን፣ ውጤት ያለው ያድርጉት። አንዱ «የጠፉትን በቅሎዎች ጭድ አሸትታለሁ» ቢል ጭዱ ውስጥ የማያውቀው ሽታ ይኑር። ያ ሽታ በወረቀትዎ ላይ አልነበረም፤ አሁን ይጻፉት፣ ዋሻው ጋ ሲደርሱ ይመልሱት።

ደረጃ 6፦ ዳይስ የሚጣለው መቼ ነው

ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ፦ ነገሩ ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ሲሆን፣ አለመሳካቱም አንድ ነገር የሚያስከትል ሲሆን። ተጫዋቹ ባለ 20 ይጥላል፣ ጭማሪውን ይደምራል፣ ከፈተና ቁጥሩ ከደረሰ ወይም ካለፈ ተሳካ። ቀላል 10፣ መካከለኛ 15፣ ከባድ 20 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ያጋጥማሉ። አንዱ ለአንድ ሥራ ደጋግሞ ማስጣል ነው። ጭማሪው +5 የሆነ ሰው የፈተና ቁጥሩ 13 ለሆነ ነገር 65 በመቶ ዕድል አለው። «አጥሩን ስትዘል ጣል፣ ግቢውን ስታቋርጥ ጣል፣ በሩን ስትከፍት ጣል» ካሉት ግን ሦስቱም የመሳካታቸው ዕድል 27 በመቶ ብቻ ነው። ሳያውቁት ቀላሉን ሥራ እጅግ ከባድ አደረጉት። አንዴ ይጣል፣ ለሁሉም ይሁን።

ሌላው የታሪኩን መንገድ በአንድ ዳይስ ላይ ማንጠልጠል ነው። የዋሻው ቦታ የሚታወቀው ዳይሱ ከተሳካ ብቻ ከሆነና ዳይሱ ካልተሳካ ሁሉም አፍጥጦ ይቀመጣል። መረጃው ይሰጥ፣ ያልተሳካው ዳይስ ዋጋ ያስከፍል፦ ነጋዴዋ ትናገራለች፣ ግን ለሽፍቶቹም መልእክት ትልካለች።

ደረጃ 7፦ ሰዎቹን በአጠራር ይቅረጹ

ድምፅ መቀየር የማይሆንላቸው አጫዋቾች ይጨነቃሉ። በአማርኛ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አለ፦ አንተና እርስዎ። የሲራራው አለቃ ተዋጊውን «እርስዎ» ሰርጎ ገቡን «አንተ» ቢል፣ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደሚጠረጥር ጠረጴዛው ወዲያው ያውቃል። ተጫዋቾቹም እንዲሁ ይመዘኑ። የድልድዩን ሽማግሌ «አባባ» ብሎ የቀረበ ሰው ሊያባብላቸው ሲሞክር የፈተና ቁጥሩ 10 ይሁን፤ «አንተ ሽማግሌ» ያለ 15 ይጠብቀው። ይህን ካዩ በኋላ ተጫዋቾቹ ሳይነገራቸው በገጸ ባሕርያቸው አንደበት መናገር ይጀምራሉ።

ደረጃ 8፦ ውጊያ

ሁሉም ባለ 20 ጥሎ የቅልጥፍና ጭማሪውን ይደምር፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተራ ይያዝ፣ ዝርዝሩም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጻፍ። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ያወቀ ተጫዋች ተራው ሳይደርስ ያስባል። በተራው እስከ 30 ጫማ (6 ካሬ) ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ድርጊትም ያደርጋል። ለመጀመሪያው ምሽት ይህን ብቻ ያስተምሩ፤ ሌላው ሲያጋጥም ይነገራል።

ሲመታ የጣለው ከነጭማሪው የጠላትን መከላከያ ከደረሰ አገኘ። ተዋጊው ሽፍታን ለመምታት 7 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት ስላለበት ዕድሉ 70 በመቶ ነው። ሽፍታው ተዋጊውን የመምታት ዕድሉ 30 በመቶ፣ ጠቢቡን ግን 60 በመቶ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመታው ጠቢቡ የመውደቅ ዕድሉ 72 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሽፍቶቹን ሁሉ ጠቢቡ ላይ አያዝምቱ። ዳይሱ ራሱ 20 ካመጣ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ ይጣላል፤ 1 ካመጣ ይስታል። ይህ ለመምታት ብቻ ነው፤ በር ለመስበር ወይም ለማባበል ሲጣል 20 ተአምር አይሠራም። ነባር ተጫዋቾችም ሲሳሳቱ የሚታዩበት ነጥብ ነው።

ጠቢቡ የማስተኛ አስማቱን ከተጠቀመ 5 ባለ 8 ዳይስ ይጥላል፤ ድምሩ አማካዩን 22 ያህል ካመጣ 11 ጤና ያላቸው ሁለት ሽፍቶች ባንድ ጊዜ ይተኛሉ። ያዘጋጁት ውጊያ በአንድ ተራ ሲያልቅ «አይሠራም» ለማለት ይፈተናሉ። እንዳይሉ። ተጫዋቹ ይህን ምሽት የሚያስታውሰው በዚያ ተራ ነው።

ደረጃ 9፦ የወደቀ ገጸ ባሕርይ

ጤናው 0 የደረሰ ራሱን ይስታል። በየተራው ምንም ሳይደምር ባለ 20 ይጥላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ መትረፍ፣ ከዚያ በታች መሞት ይቆጠራል። 1 እንደ ሁለት ሞት ይቆጠራል፣ 20 በ1 ጤና ያስነሣዋል። ሦስት መትረፍ ያረጋጋዋል፣ ሦስት ሞት ይገድለዋል። ፈዋሹ ከደረሰለት ወዲያው ይነሣል። ይህን ደንብ የሚናገሩት የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ነው፤ ቀድመው ከነገሯቸው ፈርተው ዋሻው በር ላይ ይቀራሉ።

ደረጃ 10፦ በሰዓቱ ይቁም

ከተባለው ሰዓት 15 ደቂቃ ሲቀር ታሪኩ ባለበት ይቁም፣ ሽፍቶቹ ገና ባይሸነፉም እንኳ። የደከመ ሰው የሚያስታውሰው ድካሙን ነው። ከዚያ እያንዳንዱን «የቱ ቦታ አስደሰተህ? የቱ ጋ ሰለቸህ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጻፉ፤ ለሚቀጥለው ምሽት አንድ ገጽ የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው። ወረቀቶቹን እርስዎ ይሰብስቡ፦ ቤቱ የወሰደ ጀማሪ ረስቶት ይመጣል። በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ የቀረውን ጤና፣ የተጠቀመበትን አስማትና ሽማግሌው በ«አገር ስጡኝ» የወሰደበትን ዕቃ በእርሳስ ይመዝግቡ።